የእትዬ የሺዓለም አትንኩኝ

እትዬ የሺዓለምን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብዬ መዋሸት አልፈልግም። ለብዙ ዓመት ፀጉሬን ሠርተውኛል፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለምቀመጥ ግን ከፊታቸው ይልቅ የማውቀው ጣቶቻቸውን ነው። የት ተወለዱ፣ ባል ነበራቸው ወይ፣ ልጅስ ወልደው ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር መልስ የለኝም። ከእኔ የተሻለ የሚያውቋቸው ሰዎች ፒያሳ ውስጥ ሞልተዋል። እነሱ ይጽፉ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ የጻፈ የለም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ያየሁትን ብቻ፣ የቻልኩትን ያህል ላስቀምጥ።

ቤታቸው ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ በቀረ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ያለ ክፍል ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ግቢው ተርፏል፤ ደንበኞቻቸው ግን ተበትነዋል። ዳር ከተማ ከሚገኝ ኮንዶሚኒየም ታክሲ እየቀያየሩ የሚመጡ ሴቶች አሉ። አንዷን «እዚያ አካባቢ ሹሩባ ሠሪ ጠፍቶ ነው?» ብዬ ጠይቄያት «ሠሪማ ሞልቷል። እነሱ ያስለቅሱኛል፣ እትዬ የሺ ያስተኙኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው። እዚያ ዱካ ላይ ተቀምጣ ያላንቀላፋች ሴት የለችም።

መስኮቱ ላይ በዱቄት ወተት ጣሳ የተተከለ አንድ ተክል አለ። ቅጠሉ እንደ ግራር ቅጠል ደቃቅ ሆኖ በሁለት ረድፍ የተደረደረ ነው። በጣት ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ከተነካው ቦታ ጀምሮ ጥንድ ጥንድ እያለ ይታጠፋል፤ ጠንከር ብለው ከነኩት ደግሞ ዘንጉ ጭምር ወደ ታች ያዘነብላል። ከተዉት ቀስ ብሎ መልሶ ይዘረጋል። አበባው ሮዝ ነው፣ ከክር የተሠራ ትንሽ ኳስ ይመስላል። ግንዱ ላይ ያለውን እሾህ እትዬ የሺዓለም በጥፍር መቁረጫ ይከረክሙታል፤ «ፀጉር ልትሠራ የመጣች ሴት ደም አታይም» ይላሉ።

«አትንኩኝ» ነው የሚሉት። በቆላው አገር፣ በሚዛን በኩል፣ መንገድ ዳር የሚበቅል አረም ነው አሉ። ዘሩን ያመጣችላቸው እዚያ ትሠራ የነበረች ነርስ ደንበኛቸው ናት። ለእኛ ብርድ የተፈጠረ አይደለም፤ ጥቅምት ገብቶ ሌሊቱ ሲበርድ ይደርቃል። እሳቸው ከመድረቁ በፊት ዘሩን ከደረቀው ፍሬ ፈልፍለው ያስቀምጣሉ። ሚያዝያ ላይ ትኩስ ውሃ አፍስሰውበት ያሳድሩትና እንደገና ይዘሩታል፤ ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ያለዚያ አይበቅልም። ስለዚህ በየዓመቱ የምናየው አዲስ ተክል ነው። እኛ ግን ያቺው የድሮዋ እንደሆነች አድርገን ነው ሰላም የምንላት።

ሰላም የምንላት ስል ቀልዴን አይደለም። ወደዚያ ቤት የገባች ሴት መጀመሪያ ከተቀመጡት ጋር ትሳሳማለች፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዳ «አንቺስ ደህና ነሽ?» እያለች ቅጠሉን በአንድ ጣት ትነካለች። ቅጠሉ ሲታጠፍ ከተቀመጡት አንዷ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትመልስለታለች። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ሳትነካው የተቀመጠች እንግዳ ብትኖር «ምነው፣ ተኳርፋችኋል እንዴ?» ትባላለች።

እዚህ ቤት ነበር ነሐሴ ላይ ኢክላስን የወሰድኳት።

ኢክላስ የጎረቤቴ የነጂባ ልጅ ናት፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ነጂባ አፍንጮ በር የሕፃናት ልብስ ሱቅ አላት፣ ቤታችን አጥር ይጋራል። ኢክላስ ራሷን ሰው እንዲነካት አትፈልግም። ማበጠሪያ ብቻ አይደለም። ኮፍያም፣ ሻሽም፣ ሊመርቋት እጃቸውን የሚጭኑባት ሽማግሌም ያስጮሃታል። ሌላው ነገሯ ደህና ነው፤ ታነባለች፣ ትቆጥራለች፣ ስትስቅ ከአጥሩ ማዶ ይሰማኛል። ፀጉሯ ሲበጠር ግን ሁለት ሴት ይዘዋት፣ ሦስተኛዋ እየሠራች፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ይሄም አልሆን ሲል የነጂባ ወንድም ረሻድ ፀጉር ቤት ወስዶ፣ ይዞ አስላጫት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚገላግላት መስሎት ነው። ኢክላስ ከዚያ ቀን በኋላ የምትበላው አልጋ ሥር ገብታ፣ እናቷ ሳህኑን እየገፋችላት ነበር። ስንት ሳምንት ሙሉ ለማንም ቃል አልተናገረችም።

እኔ ስወስዳት ፀጉሯ አድጓል፤ ከተላጨች ወዲህ ማበጠሪያ አላየም። ከኋላ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ምንጣፍ ሆኗል። ከአዲስ ዓመት በኋላ ደግሞ ትምህርት ቤት ይከፈታል።

«ረሻድ እስከ እንቁጣጣሽ ካልተበጠረ እንላጫት ይላል» አለችኝ ነጂባ፣ አንድ ቀን የሱቋን መጋረጃ እየዘጋች። «እኔም ሌላ መላ የለኝም። ግን እንደዚያ ሆና እንደገና ላያት አልችልም። ወላሂ አልችልም።»

«አንድ ሰው አውቃለሁ» አልኳት። አፌን ሳልዘጋ ነው የፈራሁት።

ነጂባ ሱቋን ዘግታ መሄድ ስለማትችል ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ኢክላስ የእትዬ የሺዓለምን በር አልፋ ሚዶውንና ማበጠሪያዎቹን እንዳየች ጀርባዋን ግድግዳ ላይ ለጠፈች። እንቁ የምትባል የኬክ ቤት ካሸር ፀጉሯን ለግማሽ ተሠርታ ተቀምጣ ነበር። ምላሷ ስል ነው።

«ምነው፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ የመጣችው?» አለች።

እትዬ የሺዓለም ከተቀመጡበት አልተነሱም። የልጅቷን ፀጉር ከሩቅ አዩ፣ እኔን አዩ፣ ምንም አልጠየቁኝም።

«ስምሽ ማነው?»

ኢክላስ ዓይኗን ከማበጠሪያዎቹ አላነሳችም።

«እሺ። ፀጉርሽን አልነካም። እዚያ መስኮት ላይ ያለችውን ታያለሽ? እሷም ሰው ሲነካት አትወድም። ሂጂና እያት።»

ኢክላስ ግድግዳውን እየታከከች ሄደች። ጣቷን ሰደድ አድርጋ ቅጠሉን ነካች፣ ሲታጠፍ ዘላ ተመለሰች።

«ምን ሆነች?» የመጀመሪያ ቃሏ ይሄ ነበር።

«ተዉኝ አለች።»

«ተቆጣች?»

«ምን ያስቆጣታል? ተዉኝ ብቻ ነው ያለችው። ከተተወች ትመለሳለች። ቁሚና ጠብቂ።»

ቆማ ጠበቀች። ነሐሴ ነው፣ ቤቱ ይበርዳል፣ ቅጠሉ ሲበርደው ቶሎ አይዘረጋም። እንቁ በስልኳ ትጫወት ጀመር፤ እኔ በእግሬ ጣት ወለሉን እቆረቁር ነበር። ቅጠሉ ሲዘረጋ ኢክላስ እንደገና ነካችው፤ እንደገና ጠበቀች። እትዬ የሺዓለም የእንቁን ፀጉር እየሠሩ ነበር፤ ቀና ብለው እንኳን አላዩም።

የእንቁ ሲያልቅ ጣሳውን ከመስኮቱ አነሱና ትንሿ ዱካ አጠገብ አስቀመጡት።

«ስምምነት እናድርግ» አሏት። «ጣሳውን ጭንሽ ላይ ያዢ። ቅጠሏ ተዘርግታ ሳለ እኔ እሠራለሁ። ሲበቃሽ ንኪያት። ስትታጠፍ እጄን አነሳለሁ፣ እስክትዘረጋም አልመልስም።»

ኢክላስ አሰበች። «ብዙ ጊዜ ብነካትስ?»

«ብዙ ጊዜ አነሳለኋ።»

ተቀመጠች። በዚያ ቀን የተበጠረው ከግንባሯ በላይ ያለ አንድ ትንሽ ዘለላ ፀጉር ነው፤ ማበጠሪያው ጠጋ ባለ ቁጥር ቅጠሉን ትነካለች፣ እትዬ የሺዓለም እጃቸውን ያነሳሉ፣ ሁላችንም ቅጠሉ እስኪዘረጋ እናያለን። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ሌላ ሥራ አልተሠራም ማለት ይቻላል። ስንወጣ ግን ኢክላስ «ነገም እንመጣለን?» አለችኝ።

በማግስቱ ባይሆንም በሚቀጥለው ሳምንት ሄድን። የፊቱና የጎኑ በዚያ ቀን ተበጠረ። ከሁሉ የማይረሳኝ አንድ ነገር ያየሁትም ያን ጊዜ ነው። ኢክላስ ቅጠሉን ነክታ ስለደከማት ዓይኗን ጨፍናለች። ተራዋን የምትጠብቀው እንቁ ናት፤ የተሠራው አልተመቸኝም ብላ ሊስተካከልላት መጥታለች።

«ተዘርግታለች እኮ፣ እትዬ።»

«ጫፏ ላይ ያሉት ሁለቱ ቀርተዋል» አሉ እትዬ የሺዓለም።

«ሁለት ቅጠል?»

«ሁለት ቅጠል።»

«እኔኮ የከሰዓት ፈረቃ አለብኝ!»

«እንግዲያ ለሁለቱ ንገሪያቸው፣ ምናልባት ካሸር ይፈሩ ይሆናል።»

ቤቱ ሳቀ፣ እንቁም ሳቀች። እትዬ የሺዓለም ግን አልሳቁም፤ ማበጠሪያውን አየር ላይ እንደያዙ ሁለቱን ቅጠሎች ያዩ ነበር። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ጀርባዋን ሰጥታለች። አንድ ጊዜ ቢያሳልፉት ማን ያውቅባቸዋል? እኛም ብናውቅ ማን ይናገራል? ሁለተኛው ቅጠል ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ አልነኳትም። ከነኳት በኋላ ኢክላስ ዓይኗን ገለጠችና ቅጠሉን አየች። ጨፍና ስትቆጥር ነበር መሰለኝ።

የቀረው የኋላው ብቻ ነበር፣ ያ እንደ ምንጣፍ የተያያዘው። ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ከሰዓት ቀጠሩን። ከዚያ በኋላ ጊዜ የለም፤ ረሻድ ፀጉር ቤቱን አነጋግሯል።

በበዓል ዋዜማ ያ ቤት ሰው በሰው ላይ ነው። እትዬ የሺዓለም እንዲህ ባለ ቀን ተክሉ ላይ እንቅብ ይደፉበታል፤ ሰው ሁሉ ሰላም እያለ እንዳይጎዳው ነው። ጠዋት ደፍተውበት ነበር። እንቁ ግን ከኬክ ቤቱ ጓደኞቿ ጋር መጥታ ለበዓሉ ቪዲዮ ልታነሳ እንቅቡን አንስታለች፣ መልሳም አልደፋችም። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሰው ራስ አድርገው ስለሚሠሩ አላዩም። ከዚያ በኋላ የገባችው ሴት ሁሉ ተሳስማ፣ እንደ ልማዷ መስኮቱ ጋ ሄዳ «እንኳን አደረሰሽ» ብላ ነክታዋለች። ጠዋቱን ሙሉ ስንት ሴት እንደገባች እግዜር ይወቀው።

እኔና ኢክላስ ስንደርስ እትዬ የሺዓለም የያዟትን ደንበኛ ጨርሰው ዱካውን ጠረጉላት። ኢክላስ ጣሳውን ራሷ አመጣች፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ ጀርባዋን ሰጠች። ቅጠሉ ተዘርግቶ ነበር። ማበጠሪያው ከታች፣ ከምንጣፉ ጫፍ ጀመረ። ወዲያው አመማት መሰለኝ፣ ትከሻዋ ተነሳ፤ ቅጠሉን ነካች።

አልታጠፈም።

እንደገና ነካች። ጠንከር አድርጋ ነካች። በሁለት ጣቷ ይዛ ወዘወዘችው። ቅጠሉ እንደ ማንኛውም ቅጠል ዝም ብሎ ተዘርግቶ ቀረ።

እትዬ የሺዓለም ገና መጀመሪያ ስትነካው ነው እጃቸውን ያነሱት፤ ልጅቷ ግን ቅጠሉን እንጂ እጃቸውን አታይም። ትንፋሿ መቆራረጥ ጀመረ። ያን ትንፋሽ ከአጥር ማዶ አውቀዋለሁ፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ጩኸት ነው። ከጩኸቱ ቀጥሎ ደግሞ ረሻድ ነው። 

እትዬ የሺዓለም ማበጠሪያውን ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ከዱካቸው ተነስተው፣ ጉልበታቸው እያስቸገራቸው፣ ዞረው በፊቷ ቁጢጥ አሉ።

«ማበጠሪያው መሬት ላይ ነው። እጄም ይኸውልሽ፣ ባዶ ነው።»

«ሞተች?»

«አልሞተችም። ጠዋት ሰው ሁሉ ሲነካካት ዋለ። በዝቶባት ነው መታጠፍ የተወችው። ነገ ትታጠፋለች።»

«እኔ ነኝ» አለች እንቁ ተራዋን ከምትጠብቅበት ጥግ፣ ድምጿ ከወትሮው አንሶ። «እንቅቡን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ። መልሼ የደፋሁት መስሎኝ …»

«ኋላ እሰማሻለሁ፣ እንቁዬ። አሁን ዝም በይ።»

ኢክላስ ተክሉን አየች። «ታዲያ እንዴት ብለው ያቆማሉ?»

እትዬ የሺዓለም ወዲያው መልስ ይሰጣሉ ብዬ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ነገር መልስ አላቸው ብዬ አስብ ነበርና። እሳቸው ግን «እኔም አላወቅሁ» አሉ። «ልጮህ ትይኝ እንደሆነ ስትጮሂ አቆማለሁ። ግን መጮህ አትወጂም አይደል? አንቺ ንገሪኝ።»

ሰው በሞላበት ቤት ያቺ ልጅ ምን ትላለች? ከተሰለፉት አንዷ «እኔን ቀድመው ይሥሩኝ እንጂ፣ እሷ እስክትረጋጋ» አለች፤ ሌላዋ በክርኗ ጎሸመቻት።

ኢክላስ ቀኝ እጇን ከጣሳው አነሳች። መዳፏን ዘርግታ አየችው። ከዚያ ጣቶቿን ከትንሿ ጣት ጀምራ አንድ በአንድ አጥፋ ጨበጠች።

«ይሄ ሲሆን» አለች።

«ስትጨብጪ አቆማለሁ። ስትዘረጊ እሠራለሁ።»

«በጣም ብቆይስ?»

«ከእሷ በላይ ልትቆዪ ነው? እስቲ እናያለን።»

ወደ ዱካቸው ተመለሱ። ኢክላስ እጇን በትከሻዋ አሳልፋ ወደ ኋላ ዘረጋች፣ መዳፏ እንዲታያቸው። ማበጠሪያው ከምንጣፉ ጫፍ ጀመረ። ትንሽ እንደሠሩ ጨበጠች። ማበጠሪያው ግማሹ ፀጉሯ ውስጥ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጎትቶ ያወጣው ነበር፤ እትዬ የሺዓለም ማበጠሪያውን እዚያው ተሰክቶ ለቀቁትና ሁለት እጃቸውን አንስተው ተቀመጡ። ልጅቷ አመማት ብዬ አላስብም። ልትፈትናቸው ነው።

እጇ እንደተጨበጠ ቆየ። ውጪ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል፣ አበባ የሚሸጡ ልጆች ይዘፍናሉ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ቤታቸው ዶሮ ያልተበለተላቸው፣ ልጆቻቸው ያልታጠቡላቸው ናቸው። አንዲቷም ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። እንቁ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እትዬ የሺዓለም እጆቻቸውን አየር ላይ እንደያዙ፣ ሲደክማቸው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና ዝም ብለው ጠበቁ። ምንም አላሏትም፤ «በይ እንጂ» አላሏትም፣ «ጎበዝ» አላሏትም።

ጣቶቹ አንድ በአንድ ተዘረጉ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የጨበጠችው፣ ያውም ቶሎ ቶሎ ትዘረጋ ነበር። ምንጣፉ ክር በክር ተፈታ። እትዬ የሺዓለም ዘይት በጣታቸው እየነከሩ፣ ከጫፍ ወደ ሥር እየወጡ፣ የማይፈታውን ጥቂቱን ብቻ ጠይቀዋት በመቀስ ቆረጡት። ሹሩባ አልሠሯትም። «ለዛሬ በቃት» አሉና በሁለት ከፍለው በላስቲክ አሰሩላት። የእነዚያን ሴቶች ፀጉር ማታ ድረስ ሲሠሩ ነበር፤ እንቁም ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ፀጉር እየፈታች እስኪጨርሱ አብራቸው ቆየች። ማንም ሳያዛት ነው የጀመረችው።

ነጂባ ሱቋን ዘግታ እየሮጠች መጣች። በሩ ላይ ቆማ ልጇን አየች። ፀጉሩ በሁለት ጎን ታስሮ፣ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ መንገድ ወጥቶለታል። ኢክላስ ተክሉን እያጠጣች ነበር።

«አላህ!» አለች ነጂባ፤ ሄዳም ልጇን አቅፋ እጇን የልጅቷ ራስ ላይ አሳረፈች። ማንኛዋም እናት የምታደርገው ነው።

ኢክላስ ጨበጠች። ነጂባ አልገባትም።

«እጅሽን አንሺ» አሏት እትዬ የሺዓለም ቀስ ብለው። «እስክትዘረጋ ጠብቂ።»

ነጂባ እጇን አነሳች። እንባዋ እየወረደ፣ ትክክል አደረግሁ ወይ ብላ እኔን እያየች ቆመች። የልጅቷ ጣቶች ተዘረጉ። ነጂባ አሁንም ፈርታ አልነካቻትም፤ ኢክላስ ራሷን ዝቅ አድርጋ ወደ እናቷ እጅ እስክታስጠጋ ድረስ ቆማ ነበር።

እናትና ልጅ ቀድመው ሄዱ። እኔ ወለሉን ልጥረግ ብዬ ቀረሁ። እትዬ የሺዓለም ማበጠሪያዎቹን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉ ነበር። ዓይናፋርነቴ ለዓመታት ያላስጠየቀኝን ጥያቄ በዚያ ሰዓት ከአፌ አወጣሁት።

«እትዬ የሺ፣ እንዲህ መጠበቅን ከማን ተማሩት? ልጅ ሳሉ እርስዎን ሲይዝዎት፣ በቃኝ ሲሉት እጁን ያነሳልዎት ሰው ነበር?»

እጃቸው ውሃው ውስጥ ቆመ።

«እሱን አልነግርሽም፣ እቴ» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም።

እኔም መጥረጊያውን አነሳሁና መጥረጌን ቀጠልኩ።